ባዶውን የተመለሰው ዕቃ

እኔ ብስኩት ነኝ። ያውም ደረቁ፣ ክሬም የሌለው፣ ሰው ቤት ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚቀርበው። ይህን ያለኝ ስልኬ ነው። ልጄ አግብታ ትሩጋኒና የሚባለው አዲስ የሜልበርን ሰፈር ከገባች በኋላ፣ ምሳ በላሽ ወይ ብዬ መልእክት ስልክላት በመልስ ፈንታ «የትኛው ብስኩት ነሽ?» የሚል የእንግሊዝኛ ክዊዝ ላከችልኝ። እኔም ሥራ ፈት ሆኜ አሥሩንም ጥያቄ መለስኩ። ውጤቱን እንዳየሁ ደወልኩላት። «እማ፣ ኢትስ ጀስት ፈን» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፤ ለጨዋታ ነው ማለቷ። አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ድሬ፣ ደረቅ ብስኩት መባሌ ነው እንግዲህ ፈኑ።

እልህ ያዘኝ። በማግሥቱ ክዊዙ የተሠራበት ድረ ገጽ ውስጥ ገባሁ። ለካ ማንም ሰው በነፃ ሊሠራበት ይችላል፤ አማርኛም ይቀበላል። የመጀመሪያው ክዊዜ «ከቅዳሴ በኋላ የት ትቆማለህ?» የሚል ነበር። ውጤቱ አራት ዓይነት ነው፦ ለመሄድ ቸኩሎ ጫማው አጠገብ የሚቆመው፣ ከሻይ ማፍያው ሥር የማይጠፋው፣ የሰው ሕፃን እያቀፈ ወሬ የሚሰበስበው፣ እና ወንበሩን ሁሉ አጣጥፎ ማንም ያላመሰገነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በሚጻጻፉበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ያን ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረም። የቄሱ ሳይቀር ውጤታቸው ሻይ ማፍያው ሥር ወጣ ተባለ።

ከዚያ በኋላ መተው አቃተኝ። የምሠራው ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ፒኪንግ። ጆሮዬ ላይ ያለው ማዳመጫ የመደርደሪያ ቁጥር ይነግረኛል፣ እኔ ሄጄ ካርቶን አነሳለሁ። እጅና እግር ነው እንጂ አእምሮ አይፈልግም፤ አእምሮዬ ክዊዝ ይሠራል። ሰው ክዊዝ ከጥያቄው የሚጀመር ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ የሚጻፈው ውጤቱ ነው፤ ጥያቄው ሰውየውን እየገፋ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ብቻ ነው። ውጤቱ ደግሞ ትንሽ መቆንጠጥ አለበት። ሁሉን ሰው ደግና አስተዋይ ነህ ብትለው ለማንም አይልከውም። አብዝተህ ከቆነጠጥክ ይቀየምሃል። እኔ ልኩን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ምግቡን ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት። ብሬብሩክ የምኖርበት ዩኒት አጥሩ ከአንዲት ግሪክ ባልቴት ጓሮ ጋር ይገናኛል። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፣ ግን የምንግባባበት እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው በልቤም አንቺ ሆና ቀረች። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ነው፣ ስለዚህ በደንብ እንግባባለን። የተዋወቅነው የቆሻሻ በርሜሏን ወደ መንገድ ሳወጣላት ነው። በሳምንቱ በአጥሩ ላይ አንድ እቅፍ ቆስጣ አቀበለችኝ። ምን ላድርገው ብላት ጎትታ ወጥ ቤቷ አስገባችኝ።

ቆስጣውን ከነግንዱ ከትፋ በሽንኩርትና በእንስላል አበሰለችው፣ አንድ ጭብጥ ሩዝ ጨመረች፣ በመጨረሻ ሎሚ ጨመቀችበት። ስፓናኮሪዞ ይባላል። በሌላ ቀን ፋሶላዳ፣ ነጭ ቦሎቄ በካሮትና በቲማቲም። ከዚያ ፋኬስ፣ ማለትም ምስሩ፦ ድፍን ምስር፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ደረቅ ቅጠል፣ የወይራ ዘይት፣ ሲወርድ ጠብ የሚደረግ አቼቶ። በርበሬ የለ፣ ቁሌት የለ። መጀመሪያ ስቀምሰው ሆስፒታል የተኛሁ መሰለኝ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ራሴ አምሮኝ ሠራሁት። ርካሽ ነው፣ የጾም ነው፣ አንድ ድስት ለሦስት ቀን ይበቃል፤ ከሺፍት ደክሞኝ ስመለስ አጠገቤ ቆመሽ አማስይኝ አይለኝም።

እሷም እንደኛው ኦርቶዶክስ ናት፣ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። በጥብቁ ቀን ዘይትም አትነካም። እኛ ዘይት እናፈሳለን፣ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። ማን ይበልጣል ብለን ተከራክረን አናውቅም። ትንሽ ብቻ።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። እትዬ የምላቸው ሴት ዘመዴ አይደሉም፣ ግን ከዘመድ በላይ ናቸው። ሱዳን ስደት ላይ ሳለን ልጄን ስወልድ አራስ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። ገንፎ ያገነፉልኝ ነበር። ዱቄቱን ከየት እንደሚያመጡት ጠይቄያቸው አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ «ተርፎኝ ነው፣ ብይ» ነበር መልሳቸው። እዚህ ሜልበርን ከመጣን በኋላ በጽዳት ሥራ ብዙ ዓመት ደክመው ጡረታ ወጡ። ከእኔ ቤት በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ርቀው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሬንቱ በጨመረ ቁጥር ድስታቸው እያነሰ እንደሄደ አውቅ ነበር። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ ቤታቸው ስገባ የሽንኩርት ሽታ ከጠፋ ቆይቷል።

ረቡዕ ኦፍ ነኝ። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ እኔ ጋ ይመጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል በሬ ይንኳኳል። ጫማቸውን እያወለቁ «በልቻለሁ፣ ዝም ብዬ ልይሽ ብዬ ነው የመጣሁት» ይላሉ። በጾም ቀን ከዘጠኝ በፊት ውሃ የማይቀምሱ ሴት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልቻለሁ ሲሉ፣ የት ነው የበሉት፣ አውቶቡስ ውስጥ? ግን አይጠየቅም። እኔም በተራዬ «ትናንት ሠርቼ ተርፎኝ ነው፣ ሊደፋ ነው፣ ቢያግዙኝ» እላለሁ። ጠዋት ተነስቼ ለእሳቸው ብዬ የሠራሁትን ነው። «እንግዲህ ከሚደፋ» ብለው ሁለት ሳህን ይበላሉ። ሁለታችንም እንዋሻለን፣ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ደስ ብሎን እንለያያለን።

ሲሄዱ በአይስክሬም ዕቃ ሞልቼ አስይዛቸዋለሁ፣ ፍሪጄ ሞልቷል ብዬ። በሚቀጥለው ረቡዕ ዕቃው ይመለሳል፤ ባዶውን ግን ተመልሶ አያውቅም። ባዶ ዕቃ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሦስት ሎሚ ይኖርበታል፣ ወይ አንድ ቁራጭ ድፎ ዳቦ። አንዴ አንድ ፓኮ ክብሪት ብቻ ነበረበት። ሌላ የሚከቱት አጥተው መሆኑ ገብቶኝ፣ ክብሪት ልገዛ ስል እንዴት አወቁብኝ ብዬ ተቀበልኩ።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ ያንን ክዊዝ የጻፍኩት። «የትኛው የግሪክ የጾም ምግብ ነሽ?» ይላል። መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያነሳሁ ውጤቶቹን አሰብኳቸው፣ ብቻዬንም ሳቅኩ። ስፓናኮሪዞ ነሽ፤ ከሁሉም ጋር ትስማሚያለሽ፣ ሎሚ ካልተጨመቀብሽ ግን አትናገሪም። ቦሎቄ ነሽ፤ ቀኑን ሙሉ ካልተዘፈዘፍሽ አትለሰልሺም። እና ምስሩ፦ «ምስር ነሽ። በልቻለሁ ብለሽ ትገቢያለሽ፤ የት እንደበላሽ አንቺም አታውቂም። ሁለት ሳህን ልሰሽ ትወጫለሽ። ምድጃሽ ከተለኮሰ ሰንብቷል፣ ማንም ያወቀብሽ ግን አይመስልሽም።» ሳነበው ጣፈጠኝ። ቅዳሜ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። እሑድ ሺፍት ስለነበረኝ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ እትዬ አልመጡም። ደወልኩ፣ አላነሱም። ቆስጣው ድስቱ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ስወጣ የበሬ እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ውስጡ የአይስክሬም ዕቃዬ ነው፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ክዳኑ ተገጥሞ። ከፈትኩት። ባዶ ነው። ገልብጬም አየሁት፣ ምን እንደጠበቅሁ እንጃ። ሁለት ፌርማታ መጥተው ሳያንኳኩ ነው የተመለሱት።

በእረፍት ሰዓቴ ቤተ ክርስቲያን ሻይ ለምታፈላው ሴት ደወልኩ፣ እትዬ አመማቸው እንዴ ብዬ። እየሳቀች ነገረችኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ክዊዜን ሲሠሩ እትዬም መነጽሬን ረስቻለሁ፣ ለእኔም አንብቢልኝ አሏት። እያነበበች የመረጡትን ነካችላቸው። ምስር ወጡ። ውጤቱን ጮክ ብላ አነበበችው፣ አንዷም «ውይ፣ ይህቺማ ራስዎ ነዎት» አለቻቸው፣ ሁሉም ሳቀ። «እሳቸውስ?» አልኳት። «እሳቸውም ሳቁ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ እንጂ።»

ስልኩን ዘግቼ የመጋዘኑ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። እሳቸውን አስቤ አልጻፍኩም ብል ውሸት ነው። ስማቸውን አልጠራሁም፣ ግን እያንዳንዱን ቃል ከእሳቸው ነው የወሰድኩት። ሁለታችን ስንት ዓመት ሸፍነን የያዝነውን ነገር ለሳቅ ብዬ አደባባይ አወጣሁት። አፈርኩ። ክዊዙን ወዲያው ደመሰስኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ስንቱ ፎቶ አንስቶ ስልኩ ውስጥ አስቀምጦታል።

የፈራሁት ቅያሜያቸውን ብቻ አልነበረም። ረቡዕ እኔ ጋ ካልመጡ፣ ያንን ዕቃ ይዘው ካልሄዱ፣ በቀሪው ሳምንት ምን እንደሚበሉ አላውቅም። ወይም አውቃለሁ፣ እሱ ነው የከፋው።

ቅዳሜ ፋሶላዳ በድስት ይዤ ሄድኩ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱልኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ምነው ደከሙ፣ እኔ በልቻለሁ» አሉኝ፤ ሕፃን ልጄን አቅፈው አንቺ ሲሉኝ የኖሩት ሴት አንቱ አሉኝ። ድስቱን አላዩትም። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ያንን በልቻለሁ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ በር ሲዘጋበት ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ድስቱን ተሸክሜ ስመለስ ግሪኳ አጥሩ ጋ ቆማ አገኘችኝ። ታሪኩን ሁሉ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ፣ ክዳኑን አነሳች፣ በጣቷ ቀመሰች፣ ሎሚ ይጎድለዋል አለችና ገባች። ምክር ፈልጌ ነበር። ሎሚ አምጥታ ሰጠችኝ።

ሦስት ረቡዕ አለፈ። በአራተኛው ሰው ጎደለ ተብዬ ኦፌን ትቼ ሥራ ገባሁ። ጾም ነው፣ ምግቤን ደግሞ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ወጥቻለሁ። ሺፍቴ ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አውቶቡሱ ዘገየ። ሲመጣም ቆሜ ነው የሄድኩት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እሳቸው ፌርማታ ላይ ወረድኩ። እጄ ባዶ ነው። ድስት የለ፣ ዕቃ የለ፣ ሎሚ እንኳ የለም። ሄጄ ይቅርታ ልበልና ልመለስ ነው ያልኩት።

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። ያንን የሚያንጸባርቅ የሥራ ሰደርያዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ።

«ምነው?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«በልተዋል?»

«በልቻለሁ» አልኩ።

አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ አላልኩም። ልማድ ነው። ሰው በልተሻል ሲል በልቻለሁ ይባላል። እትዬ በሰንሰለቱ ክፍተት ትኩር ብለው አዩኝ።

«የት?» አሉ።

ለሳቅ የጻፍኩት ቃል ዞሮ እኔኑ ያዘኝ። አሁን ነው የገባኝ። አልበላሁም የምትለዋ ቃል ለካ ምን ያህል ከባድ ናት። ሱዳን ድንኳን ውስጥ ሕፃን ታቅፌም አላልኳትም፣ ያኔም በልቻለሁ ነው ያልኳቸው፤ ገንፎውን አፌ ላይ ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው።

«አልበላሁም፣ እትዬ። ርቦኛል» አልኩ። እንባዬ መጣ።

ሰንሰለቱ ተነሳ።

ወጥ ቤታቸው ጠባብ ነው። ምድጃው እንደ አዲስ ያበራል፣ አንድ ጠብታ ዘይት የለበትም። መደርደሪያው ላይ ግማሽ ከረጢት ምስር፣ ሁለት ሽንኩርት፣ በርበሬ በጠርሙስ። ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ። እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ድስት ጣዱ። ሽንኩርቱን ልክተፍ ብል በክርናቸው ገፉኝ። «ተቀመጪ፣ እንግዳ ነሽ።» አንቺ አሉኝ። ተቀመጥኩ።

እንደ እኔ አሠራር ይሠሩታል ስል በርበሬውን ሁለት ማንኪያ ገለበጡበት። «ያንቺ ምስር እኮ የበሽተኛ ነው» አሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ተርፎኝ ነው ትይኛለሽ። የተረፈ ምግብ ይተቻል?»

ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩም። ከወንበሬ ተነስቼ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል ማማሰያውን እንደያዙ ዞሩ። «ስለ አፌ ብትጽፊ ግድ የለኝም ነበር» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «ሁለት ሳህን ትልሳለች በይ፣ እውነት ነው፣ እልሳለሁ። ምድጃዬን ግን ለምን ሰው ፊት አወጣሽው? እሱን ለእግዜርም አልነገርኩት።» ይቅር ይበሉኝ አልኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉና ወደ ድስቱ ዞሩ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ሲጠርጉ አየሁ፣ ሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከአንድ ሳህን በላን፣ በሱቅ ዳቦ። አቃጠለኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ጠረግኩት። እሳቸውም በልቻለሁ ሳይሉ በሉ። ውሃ ከጠጡ በኋላ ስልኬን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ያንን ነገርሽን አምጪው። እኔም አንድ ልሥራ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።»

ከፈትኩት። «ጻፊ» አሉኝ። «ሰው ቤት ስትሄድ በልተሻል ወይ ቢሉሽ ምን ትያለሽ? ሀ፣ በልቻለሁ። ለ፣ አሁን ከምግብ መነሳቴ ነው። ሐ፣ ዝም ብዬ ልያችሁ ብዬ ነው።» ጣታቸው የጠረጴዛውን ልብስ ያስተካክላል።

«መ» አሉ። «ርቦኛል።»

ጻፍኩ። «ውጤቱስ ምን ይሁን?» አልኳቸው።

«ሀ፣ ለ፣ ሐ ያለችውን እንግዳ ነሽ በያት። መ ያለችውን ቤተሰብ ነሽ በያት። ሌላ አትጨምሪ፣ አንቺ ስትጨምሪ ነው የምታበላሺው።»

ለሁሉም ላኪው፣ ምስር ያሉኝም ይመልሱት አሉኝ። ላክሁት። አሁን ድረስ ይመለሳል። አብዛኛው ሰው ሀ ይመርጣል። ለእትዬ ስነግራቸው «ይዋሻሉ» ይላሉ፣ ያለ ምንም ቅያሜ።

በተከታዩ ረቡዕ ጠዋት ተነስቼ ምስር ጣድኩ። አንድ ማንኪያ በርበሬ ጨመርኩ፣ አቼቶውንም አልተውኩም፣ ለእኔም ይድረሰኝ ብዬ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። የአይስክሬም ዕቃ አቀበሉኝ፣ በርበሬ ሞልተውበታል። ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ደፉ ላይ እንደቆሙ፣ ግሪኳ ከጓሮዋ ቀና እስክትል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ርቦኛል» አሉኝ።

እኔም የለመድኩት ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ ትናንት ተርፎኝ ነው የሚለው። ዋጥኩት።

«ይግቡ» አልኳቸው። «ዛሬ ጠዋት ለእርስዎ ብዬ ነው የሠራሁት።»